«ገና 8 ሺህ ይቀረዋል» ያልኩት ቺንጋ

መኪናዬ የቆመችው ቆጣሪው 92,000 ላይ እያለ ነው። የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ እንደሚቀየር በቃሌ አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ማስታወሻዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ገና 8 ሺህ ይቀረዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ጽሑፉ አሁንም አለ። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ስገዛት 9 ዓመቷ ነበር፤ የሄደችው ደግሞ 74,000 ኪሎ ሜትር ብቻ። ለዕድሜዋ ብዙ ያልተነዳች ስለሆነች ተሳካልኝ ብዬ ፈነጠዝኩ። ጎማ ያለበት ነገር ሁሉ ቆሞም እንደሚያረጅ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

እንደገዛኋት ከዚህም ከዚያም ጠይቄ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ቀላል ቀላሉን ያለ ችግር ነው የጨረስኩት። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ቀየርኩት። ካንዴላዎቹ ተራዎቹ ስለነበሩ ተቀየሩ፤ ተራ ካንዴላ ከ30,000 እስከ 50,000 ይሄዳል፣ ኢሪዲየም የሚባለው ግን 100,000 ገደማ ይደርሳል። የፊት ፍሬን ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ነበር፤ እሱም ተቀየረ። ቺንጋው ጋ ስደርስ 100,000 ብዬ ጻፍኩና አለፍኩት።

ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ፣ በሰዓት 70 ገደማ እየነዳሁ ነበር። ፍንዳታ የለ፣ ጭስ የለ። ከኮፈኑ ስር አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ ሰማሁና ሞተሩ ዝም አለ። የባትሪውና የዘይቱ መብራት አንድ ላይ ቦግ አሉ፤ መሪው ድንጋይ ሆነብኝ። በያዝኩት ፍጥነት እየተንሸራተትኩ ዳር ያዝኩ።

እስከዚህ ያለው የቺንጋው ጥፋት ነው እንበል። የቀረው የራሴ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዞረ፤ አዟዟሩ ግን ሌላ ነበር። ወትሮ ሞተሩ ሲነሳ እየታገለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የሚዞረው። ያን ቀን ግን ምንም የሚይዘው ነገር እንደሌለ ሁሉ «ዝዝዝዝ» ብሎ በአንድ ድምፅ ተሽከረከረ። እኔ ደግሞ ባትሪው ጤነኛ ነው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነዳጅ ተቋርጦ መሆን አለበት ብዬ ደግሜ አዞርኩ። ትንሽ ጠብቄ እንደገና። በጠቅላላው አራት ጊዜ።

አስጎትቼ የወሰድኩላቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ የነዳጅ ፓምፑ ይመስለኛል» አልኳቸው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ጠየቁኝ።

«ስታዞረው ቀለል ብሎ ዞረ?»

«አዎ፣ በጣም ቀለል ብሎ።»

«ስንት ጊዜ አዞርከው?»

«አራት።»

ዝም አሉ። ቀጥለው «ቺንጋ መቼ ተቀየረ?» አሉኝ።

«ገና 8 ሺህ ይቀረዋል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም ልጄ። መቼ ነው ያልኩህ።»

መልስ አልነበረኝም። የቺንጋው መክደኛ ሲነሳ ጥቁር የጎማ ብናኝ መሬት ላይ ረገፈ። ቺንጋው ለሁለት አልተበጠሰም። የመዳፍ ስፋት በሚያህል ቦታ ላይ ግን ጥርሶቹ ተገሽልጠው አልቀው፣ ልሙጥ ሆኗል። ጋሼ ጀርባውን በሁለት ጣታቸው ጎበጥ ሲያደርጉት ዳር እስከ ዳር በስንጥቅ ተሞላ። ሳይጎብጥ ጀርባውን ሲያዩት ግን ደህና ቺንጋ ይመስል ነበር። ይሄ ነው የሚያናድደው፤ በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ዓይቼውም አላውቅ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ቺንጋው ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የታችኛውን ክራንክ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ከላይኛው ካምሻፍት ጋር ያያይዛል። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮቹም፣ አየር የሚገባባቸውና ጭስ የሚወጣባቸው በሮች፣ በዚያ ልክ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ሽቅብ የሚመጣበት ቦታና የተከፈተ ቫልቭ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አንድ ነው፤ የሚጠቀሙበት በየተራ ነው። ቺንጋው ጥርሱ ሲያልቅ ካምሻፍቱ ይቆማል፣ ተከፍተው የተገኙት ቫልቮች እንደተከፈቱ ይቀራሉ፣ ፒስተኑ ግን ክራንኩ በያዘው ፍጥነት ገና እየዞረ ስለሆነ ሽቅብ መምጣቱን አይተውም። ያገኘውን ይመታል። ያ «ቀለል ብሎ መዞር» ከዚህ ነው፤ ቫልቩ ታጥፎ ስለማይዘጋ ፒስተኑ የሚያምቀው አየር የለም። እኔም ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር የሞተሪኖውን ጉልበት ጨምሬ አስመታዋለሁ።

ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ ከ16 ቫልቮች 9ኙ ታጥፈዋል። ፒስተኖቹ አናት ላይ የጥፍር ቁራጭ የመሰሉ ጭረቶች አሉ። ከ9ኙ ስንቱን መንገዱ ላይ አጠፍኩት፣ ስንቱን ደግሞ ቆሜ ቁልፍ ሳዞር? ጋሼን ብጠይቃቸው «ምን ያደርግልሃል» አሉኝ።

ማታ መመሪያ መጽሐፉን ከዳሽቦርዱ ኪስ አወጣሁ። «100,000 ኪሎ ሜትር ወይም 7 ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰው» ይላል። «100,000 ኪሎ ሜትር» የሚለው አንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ነው፤ «ወይም 7 ዓመት» የሚለው የሚቀጥለው መስመር ላይ። መስመር ለመዝለል የሚፈጀውን ያህል ጊዜ አላነበብኩም። ቺንጋው 11 ዓመቱ ነበር፤ ስገዛትም ጊዜው ካለፈ 2 ዓመት ሆኖታል።

አንድ የማልረሳው ሰው ደግሞ አለ። ይህ ከመሆኑ 1 ወር በፊት መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ አልፋለች። መርማሪው መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ጭሱን አይቶ «እንዲህ የተያዘች መኪና አይቼ አላውቅም» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። በኋላ ሄጄ ብነግረው «ቺንጋ ቅጹ ላይ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። ምርመራ ማለፍ ማለት ያን ዕለት መንገድ ላይ ለሌላው አደጋ አይደለህም ማለት እንጂ ሞተርህ ነገ ያድራል ማለት አይደለም። ቢሆንም ያን ሙገሳ ባይናገረኝ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አምኜው ነበራ።

ጥፋቴ አላለቀም። ጋሼ ሲገጣጥሙ «የውሃ ፓምፑንና የቺንጋውን መወጠሪያ አብረን እንቀይር» ብለውኝ ነበር። በኔ ሞተር ላይ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። «አይፈስም እኮ» አልኩ። 7 ወር ሳይሞላው ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ፈሳሹ አዲሱን ቺንጋ አራሰው። ሞተሩን የያዘውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ያንኑ ሥራ እንደገና። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው፦ ያገለገለ መኪና ገዝተህ ቺንጋው የተቀየረበት ወረቀት ከሌለ ሻጩ ምንም ቢምል ቀይረው፤ ፓምፑን፣ መወጠሪያውን፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎቹንም አብረህ። መጽሐፉ 7 ዓመት ካለ እኔ 5 ላይ ነው የምቀይረው። በቺንጋ ፋንታ በሰንሰለት የሚሠራ ሞተር ካለህ ዕድለኛ ነህ፤ ግን ዘይቱን ካዘገየህበት እሱም ይረዝማል፣ ጠዋት ሲነሳ መንኳኳት ይጀምራል። እየሄደ ድንገት የጠፋ ሞተር ቀለል ብሎ ከዞረ ደግሞ እጅህን ከቁልፉ ላይ አንሳ።

በሌላውም ነገር ከመጽሐፉ ጋር መስማማት ትቻለሁ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት «ዕድሜ ልኩን አይቀየርም» ይላል። የማን ዕድሜ? የዘይቱ ካለቀ የካምቢዮውም ያልቃል። 95,000 ላይ አስቀየርኩት፤ ሲቀዳ ቀይ መሆን የነበረበት ጠቁሮ ወረደ። ሰርቪስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ልጅ «አያስፈልገውም ነበር» አለኝ፤ ዘይቱን በዕቃ ይዤ ሄጄ ላሳየው አስቤ ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ብትነዳም ባትነዳም በ2 ዓመት ይቀየር። ጎማ ላይ 4 አሃዝ ቁጥር ታትሟል፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አንስቼ ጥያለሁ። ሾክ አብዞርበር 80,000 ካለፈ በኋላ ይደክማል፤ ቀስ በቀስ ስለሆነ አንተ ትለምደዋለህ፣ የሚነግርህ ሌላ ሰው ሲነዳት ነው። የማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን ላይ ግን ቁጥር አልናገርም፤ እግሩን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ የሚነዳ ሰው በ50,000 ይጨርሰዋል፣ ሌላው 150,000 ያልፍበታል።

ኮፈኑ ውስጥ አሁን ወረቀት ለጥፌያለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቁጥር አለው፦ ኪሎ ሜትርና ቀን። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው፤ የባትሪው። የገባው ከኔ በፊት ነው፣ ላዩ ላይ የተመታው ቀንም ተፍቋል። በደንብ ይሠራል፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ነክቼው ይነሳል። ቅዳሜ ላስቀይረው ነው።