ሴሊካዬ ተሳቢ ስትጎትት

ወንድሜ ሳውንድ ሲስተም ያከራያል፣ ሰርግ ልደት ምረቃ ምናምን፣ እና የጭነት መኪና ኪራይ ትርፉን እየበላበት ሲማረር ሳየው ለምን ትንሽ ተሳቢ አሰርተን በኔ መኪና አንጎትትም አልኩት። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ የመጨረሻዋ ሞዴል፣ በፈረንጅ ከ1999 እስከ 2006 የተመረተችው። ስፖርት መኪና ስለሆነች ያየ ሁሉ «ኧረ ተው ትጎዳታለህ» ነበር የሚለኝ፣ እኔ ደሞ ሞተሯ ኮሮላ ላይ የሚገባው 1.8 እንደሆነ ስለማውቅ ስለጉልበቷ አላሰብኩም (እቃውም ሶማሌ ተራ ይገኛል)። ጉልበቱስ እውነትም ችግር አልነበረም።

ተሳቢዋ ባዶዋን 120 ኪሎ ናት፣ ከነሞንታርቦው 300 ገደማ። የመጀመሪያ ቀን ለማውረድ እንዲቀለን ብለን ከባድ ከባዱን ከኋላ ጫንነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ መንገዱ ክፍት ሆኖልኝ 60 ስገባ የመኪናዋ ኋላ ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ፣ ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ በስፖኪዮ ሳይ ተሳቢዋ እንደ ላም ጭራ ትወዛወዛለች። ወንድሜ ፍሬን ያዝ ፍሬን ያዝ ይላል፣ እንዲህ ሲሆን ግን ፍሬን አይያዝም፣ ድንገት ከያዝክ ከኋላ ገፍታ ታጣጥፍሃለች። እግሬን ከቤንዚኑ አንስቼ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ በራሷ ተረጋጋች። እጄ ላብ በላብ ሆኗል።

የበየዱልን ጋሼ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ ነው ያረፈው?» ብለው ነው፣ ኳሱ ማለት ተሳቢዋ የምትያያዝበት ከመኪናዋ ኋላ ያለው የብረት ኳስ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 መጎተቻ ኳሱ ላይ ካላረፈ ትወዛወዛለች። በማግስቱ ስታዲየም ጋ ሰው የሚመዝን ልጅ አገኘንና በኳሱ ከፍታ ልክ ጣውላ አቁመን የተሳቢዋን የፊት ብረት ሚዛኑ ላይ አሳረፍነው። 9 ኪሎ! ትልልቆቹን ስፒከሮች ከጎማው ትንሽ ወደፊት ስንገፋቸው 22፣ ትንሽ ስንጨምር 34 መጣ፣ እዛው ላይ በገመድ ጠፈርናቸው። ልጁ ሚዛኑን እየጠረገ «ነገም ትመጣላችሁ?» አለን፣ ደስ ብሎታል።

ለምን 60 ኪሎ አታደርጉትም የሚል ካለ፣ ሴሊካ የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው፣ ኳሱ ላይ ሲበዛ ኋላዋ ይጫናል ፊቷ ይቀላል፣ ዝናብ በመታው ዳገት ላይ ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ዳገት ካልኩ ቸርችል ነው። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ መውጣት ለባዶ መኪና ምንም አይደለም፣ በሰልፍ መሃል 300 ኪሎ አስከትሎ እየቆሙ መነሳት ግን ፍሪሲዮን ይበላል፣ ደሞ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፣ 140 ፈረስ የተባለችው የኔዋ እዚህ 110 ብትሆን ነው። ፖስታ ቤቱ ጋ ስደርስ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ። አሁን ዳገት ላይ በፍሪሲዮን አንጠልጥዬ አልይዛትም፣ እጅ ፍሬን ስቤ የፊተኛው መኪና ራቅ እስኪል እጠብቅና አንዴ እነሳለሁ፣ ከኋላ ክላክስ ያደረገ ያድርግ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን አምሳያ ሳይ ሁሌ ልቤ ይነካል፣ 7 ቶን ገደማ የሚሆን መድፍ ከጋፋት መቅደላ ድረስ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ክንድ።

ቁልቁለት ሲሆን ሁለተኛ ማርሽ። ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን የላትም፣ ክብደቷን በሙሉ የሚይዘው የሴሊካ ፍሬን ነው። ተሳቢዋን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ሰንሰለቶች ደግሞ ከስር አጣምሩ፣ ከኳሱ ብትወልቅ የፊት ብረቷ አስፋልት ሳይነካ እዛ ላይ ይተኛል።

የኋላ ማርሽ ግን ዛሬም ያስጨንቀኛል። ሴሊካ ዝቅ ስለምትል ተሳቢዋ ባዶ ስትሆን በመስታወት አትታይም፣ ሁለቱ ማዕዘን ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበት ቀጭን ዘንግ ተክያለሁ። አጭር ስለሆነችም ቶሎ ትታጠፋለች። መሪውን ከታች በኩል ይዛችሁ እጃችሁን ተሳቢዋ እንድትሄድ ወደምትፈልጉበት ጎን ማንቀሳቀስ ነው፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ጠባብ ግቢ ስገባ ፓርኪንግ የሚያስይዘው ልጅ «ና ና፣ ወደ ግራ ሙሉ ቁረጥ!» ይለኛል፣ ለመኪና ልክ ነው ለተሳቢ ግን ግልባጩ ነው፣ እሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ወርጄ እባክህ ወንድሜ አቅጣጫውን ተወውና ግድግዳው ስንት እንደቀረው ብቻ ንገረኝ አልኩት። «አንድ ክንድ... ግማሽ... ስንዝር... በቃ!» በሶስተኛው ሙከራ ገባች፣ ወንድሜም ገመዱን መፍታት ጀመረ።