«ምን ሠርቶ ያውቃል?»

እሑድ ማታ። ከሰዓት በኋላ ሲያካፋ ቆይቶ አሁን ለይቶለት ይዘንባል። ጠዋት ያጠብኩት ልብስ ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ነው፤ ተነሥቼ ላስገባው አልቻልኩም። ከሐሙስ ጀምሮ ደስ አይለኝም። እንዲህ ሲከፋኝ ትንሽ ስጽፍ ይለቀኛል ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ፤ ገና ቀኑን ሳልጽፍ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ልጆች ክርክር ጀመሩ። አንዱ ክለብ አዲስ አሠልጣኝ ሊቀጥር ነው መሰለኝ። ትንሹ ልጅ ጮክ ብሎ «እስቲ ምን ሠርቶ ያውቃል?» አለ።

ወንድሜም ያኔ ያለው ይህንኑ ቃል ነው። ቀኑን የማልረሳው የግንቦት ልደታ ስለነበረ ነው፤ ግንቦት 1 ቀን 2005። ጎረቤቱ ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮው በሰፌድ ቀርቦ፣ እሳቱ እየጨሰ ሳለ ዜናው ደረሰን። የእኔ ቡድን ማንቼ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ በአሠልጣኙ በፈርጉሰን ቦታ ዴቪድ ሞዬስን ቀጠረ፤ ለስድስት ዓመት። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወንድሜ አርሴናል ነው፤ ንፍሮውን በእፍኙ እንደያዘ «ምን ሠርቶ ያውቃል፣ እታለም?» አለኝ።

ክርክራችን እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። እሱ የያዘው ነጥብ ከባድ ነበር። ሞዬስ ኤቨርተን በሚባለው ክለብ ውስጥ ከ11 ዓመት በላይ ሠርቶ አንድ ዋንጫ አላነሣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ለእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ለኤፍኤ ካፕ፣ ፍጻሜ ደርሶ በቼልሲ ተሸነፈ። የማንቼ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ፣ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ፣ የአርሴናልና የቼልሲ ሜዳ ሄዶ በሊግ ጨዋታ አንድም ቀን አሸንፎ አልተመለሰም። «ሄዶ አሸንፎ የማያውቅበት ቤት ባለቤት ልታደርጉት ነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ገንዘብ የሌለውን ክለብ እ.ኤ.አ. በ2005 አራተኛ አድርጎ እንደጨረሰ፣ የሙያ አጋሮቹ ሦስት ጊዜ የዓመቱ አሠልጣኝ ብለው እንደመረጡት፣ 11 ዓመት በአንድ ወንበር መቀመጥ በራሱ ምስክር እንደሆነ ነገርኩት። ደግሞስ የመረጠው ፈርጉሰን አይደለም? የ13 የሊግ ዋንጫ ባለቤት ሰው አይቶ አያውቅም? ይህን ስለው ዝም አለ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 2006። ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ማንቼ የሚጫወተው ጉዲሰን ፓርክ ነበር፤ ሞዬስ 11 ዓመት የደከመበት ሜዳ ላይ። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ከሞዬስ ጀርባ የነበረ አንድ ተመልካች ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ማጭድ ይዞ፣ ሞትን መስሎ ሲያስፈራራው በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሞዬስ ተባረረ። ከስድስት ዓመቱ አሥር ወር ገደማ ብቻ ሠርቶ። ሻምፒዮን ሆኖ የተረከበው ቡድን ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ወንድሜ አልሳቀብኝም። እስካሁን የማመሰግነው በዚህ ነው። ሞዬስ ያ ሁሉ ልፋቱ በሚቆጠርለት ሜዳ ላይ መጨረሻው መምጣቱ እሱንም አሳዘነው መሰለኝ። እናታችን ከጓዳ ሆና «ምን ሆናችሁ፣ በዓመት በዓል?» ስትል የመለሰላት የለም።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ክርክር ነበረን፤ ስለ ራሳችን ሰው፣ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ስለ ሰውነት ቢሻው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን ሁለት ለባዶ ስናሸንፍ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ ከተማው እስኪነጋ አልተኛም። ወንድሜ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን እዚሁ አሸነፍን። በቅጣት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ ያም ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። ለዓለም ዋንጫ የቀረን ናይጄሪያ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ፣ ካላባር ላይ ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ቀጥሎ በቻን፣ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ ሦስት ጨዋታ ያለ አንዲት ግብ ተሸንፈን ተመለስን፤ አሠልጣኝ ሰውነትም ተሰናበቱ። በምትካቸው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ከዚያ በፊት ጋናን ያሠለጠኑ ናቸው ተባለ። እሳቸውም አንድ ዓመት ገደማ ሠርተው ሄዱ።

ያኔ ሁለታችንም ቦታ ተለዋወጥን። «የሠራ ሰው ሥራው ይቆጠርለት፤ 31 ዓመት ያልተቻለውን የቻለ ሰው በሦስት ጨዋታ አይመዘንም» ያለው ወንድሜ ነው። «ትናንት ሌላ ነው፣ ዛሬ ሌላ ነው፤ አዲስ ሰው ያስፈልጋል» ያልኩት ደግሞ እኔ። በአንድ ዓመት ውስጥ! ለሞዬስ የተሟገትኩበትን አፍ ለአሠልጣኝ ሰውነት ነፈግኋቸው። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። ፈረንጁን በሠራው መዝኜ፣ የራሴን ሰው ባልሠራው መዘንኩ።

ግንቦት 30 ቀን 2015 ፕራግ ላይ ሞዬስ የሚያሠለጥነው ዌስትሃም ፊዮረንቲናን ሁለት ለአንድ ሲያሸንፍ ብቻዬን ነበር ያየሁት። ክለቡ ከ43 ዓመት በኋላ ያገኘው ትልቅ ዋንጫ ነው። ሞዬስ ሜዳሊያውን አውልቆ በሽማግሌው አባቱ አንገት ላይ አጠለቀው። አለቀስኩ። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ እሱ ያለበት አሜሪካ ሥራ ሰዓት ስለነበር አላነሣም። እዚያ ሲመሽ «አየሁት፣ እታለም» ብሎ ጻፈልኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በኋላም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ኤቨርተን ሊወርድ ሲንገዳገድ መልሶ የጠራው ሞዬስን ነው። የድሮ ሥራውን የሚያውቀው ቤት ነዋ። አተረፋቸውም።

ወንድሜ አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ 12 ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል። ካስተማራቸው ውስጥ ዛሬ ሐኪም የሆኑ አሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «የቲቸር እህት» ብለው ያቅፉኛል። እዚያ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። ሐሙስ ዕለት ጻፈልኝ። አንድ ትምህርት ቤት ረዳት ይፈልጋል፤ የሚሞላ ፎርም አለ፣ ያለፈ የሥራ ልምድ የሚል ቦታ አለው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የልምድ ደብዳቤውን አይተው «ይህ እዚህ አይቆጠርም» ብለው መልሰውለታል፤ ማኅተሙን እንኳ ያየለት የለም። አሁን የጠየቀኝ «12 ዓመቱን ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ብሎ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ እየጻፍኩ አጠፋለሁ። «ጻፈው» ብለው፣ እንደገና ማንም ሳያነበው ቢመለስስ? «ተወው» ብለው፣ ያን ሁሉ ዓመት እኔም አልቆጥርም ያልኩት ያህል አይሆንበትም? ፎርሙ የሚያልቀው ማክሰኞ ነው። ልጆቹ አሁን ዝም ብለዋል፤ ዝናቡ አላቆመም። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ እዚያ ገና ቀን ነው፣ ነቅቷል።