ግጥምና ዜማ፦ ማን?

ዛሬ ታክሲ ውስጥ የእዮብ መኮንን ዘፈን ተከፈተ። ከኋላዬ የተቀመጡት ልጆች አብረው እያንጎራጎሩ፣ አንዱ "ይሄን ግን ማን ሠራው?" አለ። ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። የዘፋኙ ስም አለ፣ የዘፈኑ ርዕስ አለ፣ በቃ! ረዳቱ መልስ እየቆጠረ "የኤልያስ መልካ እጅ ነዋ!" አላቸው።

ረዳቱ የካሴት ዘመን ሰው ነው፤ ያስታውቃል። ያኔ የካሴቱን ወረቀት ስትዘረጋው ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እያለ ስም በስም ይደረድርልሃል። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። እኛ ግን እጥፋቱ እስኪበጣጠስ እናነበው ነበር። ከዘፋኙ ፎቶ ይልቅ እሱን የሚያይ ሰውም ነበር (አንዱ እኔ ነኝ)።

ኤልያስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ቼሎ ተጫዋች ነበር። የቴዲ አፍሮን "አቡጊዳ" አልበም አቀናበረ፤ ለዘሪቱ ከበደም፣ ለእዮብም ሠራ። ለደራሲውም ገንዘብ ይድረሰው ብሎ በ2011 ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አስጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2012 አረፈ።

የቅጂ መብት አዋጁ እኮ ከ1996 ጀምሮ አለ። ዘፈን ፍላሽ ላይ እየሞሉ የሚሸጡት ሱቆች ግን ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። እዚያ ከሚከፈለው ብር ለግጥም ጸሐፊው የሚደርሰው ሳንቲም የለም።