ለቤቴ መብራት የሚሆን ትራንስፎርመር

አምፕሊፋየር ለራሴ ልሠራ ስነሳ ለቦርዱም ለስፒከሩም ብዙ አልተጨነቅኩም። ጊዜዬን የበላው ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም የሶኬቱን ቮልቴጅ ለአምፕሊፋየሩ ወደሚስማማ የሚቀይረው፣ ነው። የማዳምጠው በአብዛኛው በገናና ክራር ስለሆነ ከሥር እምምም የሚል ነገር አልወድም። በገና በርኩማው ላይ በምትገባው ቆዳ ምክንያት ራሱ የሚነዝር ድምፅ አለው፤ የትራንስፎርመር ጉርምርምታ ሲጨመርበት የትኛው የክሩ፣ የትኛው የመብራቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ትራንስፎርመር ከመግዛቴ በፊት መብራቱን ለካሁ። ቤቴ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው። ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ ስከታተል፣ ምሽት ላይ ምጣዱም ምድጃውም ሲለኮስ ወደ 190 ቮልት ይወርዳል፤ ሰፈሩ ከተኛ በኋላ ደግሞ 240 ያልፋል። የትራንስፎርመሩ ጀርባ ላይ የሚጻፈው 220 በመሃል የሚያልፍ ቁጥር ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን የሠራሁት በሁለቱ ጫፎች ነው። በእያንዳንዱ ስፒከር 50 ዋት በ8 ኦም እፈልጋለሁ። ለዚህ ድምፁ ጣሪያ ላይ ሲደርስ 28 ቮልት ገደማ ይጠይቃል፤ ቦርዱ ለራሱ የሚያስቀረው ሦስት አራት ቮልትም አለ። ብዙ ሰው ለዚህ መጠን ባለ ሁለት 25 ቮልት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 25 የሚሰጡ ሁለት መውጫዎች ያሉት፣ ይወስዳል። 25 ቮልት ኤሲ (እንደ ሶኬቱ የሚመላለስ መብራት) በ1.41 ተባዝቶ፣ መብራቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው የዳዮዱ ሲቀነስ 34 አካባቢ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መብራት) ይሰጣል፤ በ220 ይበቃል። በ190 ግን ወደ 29 ይወርድና ከበሮው ጠንከር ባለ ቁጥር ድምፁ ይቆረጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት 28 ያዝኩ። ሌሊት የመብራቱ ቮልቴጅ ከፍ ሲል፣ ጭነትም ከሌለ ዲሲው ወደ 47 ስለሚጠጋ ካፓሲተሮቹን ባለ 63 ቮልት አደረግኩ፤ ባለ 50 ጠርዝ ላይ ነው። ቦርዱ 50 ቮልት ይችላል። ጉልበቱን በቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) 300 ወሰንኩ።

“ለምን ስታብላይዘር አታስገባም?” ያሉኝ ነበሩ። እዚህ በብዛት የሚገኘው በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) እየዘለለ ቮልቴጁን የሚቀያይረው ዓይነት ነው። ለፍሪጅ ግሩም ነው፤ በገና እየሰሙ ግን ቀጭ ቀጭ ሲል መስማት አልፈልግም።

ገበያ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት ከአሜሪካ ከመጣ አምፕሊፋየር የተፈታ ትራንስፎርመር ነበር። ጎንደር ዘመድ ያመጣው የአሜሪካ ዕቃ አይጠፋም። ከባድ፣ የሚያምር፣ “120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ” የሚል ጽሑፍ ያለው። ሻጩ “ስቴፕ ዳውን ታደርግለታለህ፣ አለቀ” አለኝ። ስቴፕ ዳውን ቮልቴጁን ይቀንሳል፤ ኸርዙን፣ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይነካውም። የእኛ 50 ነው። ለ60 የተጠቀለለ ብረት በዚያው ቮልቴጅ 50 ላይ ሲገባ ማግኔቱ በ20 ከመቶ ይጨምርበታል፤ ያኔ ብረቱ ይጠግባል (ተጨማሪ ማግኔት መያዝ ያቅተዋል)፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ትቼው ሄድኩ።

ቀጥሎ ከወዳጄ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ትራንስፎርመር ተውሼ ሞከርኩ። ለጥሩ ድምፅ ክብ ይመረጣል የሚባለው እውነት ነው፤ ማግኔቱን ወደ ውጭ ብዙ አይረጭም፣ ለጉልበቱም ትንሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ዝም ብሎ ይሠራል። ከረፋዱ በኋላ ግን አልፎ አልፎ ራሱ ብረቱ፣ ስፒከሩ ሳይሆን፣ ንብ የገባበት ይመስል ይጮኻል። ጎረቤቴ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ጩኸቱ የሚነሳው የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ሲሰማ መሆኑን ልብ ስል ሄጄ “እታለም፣ እስቲ ማድረቂያሽን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው አድርጊልኝ” አልኳት። “ደግሞ ምን ሆንክ?” ብላ እየሳቀች ቀየረችው፤ ቤት ስመለስ ትራንስፎርመሩ ጸጥ ብሏል። አንዳንድ ማድረቂያ ዝቅተኛው ላይ ሲሆን በአንድ ዳዮድ የመብራቱን ግማሽ ማዕበል ብቻ ይወስዳል። ይህ መስመሩ ላይ ትንሽ ዲሲ ይተዋል፤ ክቡ ብረት ክፍተት ስለሌለው በዚያች ዲሲ ወደ አንድ ወገን ይጠግባል። ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮችንና ዳዮዶችን በመስመሩ ላይ አስገብቶ ዲሲውን ማገድ ይቻላል፤ ወዳጄ በኋላ እንደዚያ አድርጓል። እኔ ግን ከመጀመሪያው የሚታገሥ ብረት መረጥኩ፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት በE እና በI ቅርጽ ተቆርጦ የሚደረደረውን። መጋጠሚያው ላይ ያለችው ቀጭን ክፍተት ዲሲውን እንዲቋቋም ታግዘዋለች።

አራዳ አካባቢ ዲናሞና ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት አሉ። መሃሉ 20 ካሬ ሳንቲሜትር የሆነ ብረት መረጥን። እሳቸው 38ን ለብረቱ ስፋት አካፍለው በቮልት 1.9 ዙር ይጠቀልላሉ፤ ለ220 ቮልት 418 ዙር ይሆናል። እኔ በ38 ፈንታ 45ን እንዲያካፍሉ ለመንኳቸው፤ 495 ዙር።

“ልጄ፣ መዳብ ልትጨርስ ነው እንዴ?”

“ጋሼ፣ ሌሊት 240 ሲገባ እንዳይጮህብኝ ነው።”

ዙር ሲበዛ ሽቦው ስለሚረዝም ትንሽ ቮልት ይበላል፤ ለዚያ 28ቱን ቮልት በ63 ዙር ፈንታ በ66 አደረግነው። ለመግቢያው 0.85 ሚሊ ሜትር ሽቦ ወሰድን። ገበያው ላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ስላለ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጌ አየሁ፤ ውስጡ ቀይ ነበር። በመግቢያውና በመውጫው መሃል አንድ ዙር ስስ የመዳብ ቆርቆሮ አስገባን፤ ከመስመሩ የሚመጣውን ኮሽታ ወደ መሬት ይጥላል። የቆርቆሮው ሁለት ጫፎች ከተነካኩ ግን አንድ ሾርት ያደረገ ዙር ሆኖ ይቃጠላል፤ እዚያ ላይ ወረቀቱን ራሴ ደረብኩ። ከዚያ ቫርኒሽ ውስጥ ነክረው አደረቁት።

መጀመሪያ ያበራሁት 100 ዋት አምፑል በተከታታይ አስገብቼ ነው፤ ጭነት ሳይኖረው አምፑሉ ቦግ ቢል አንድ ቦታ ሾርት አድርጓል ማለት ነበር። ቀይ ጭላንጭል ብቻ አሳየና አለፈ።

እንዲህ ያለው ብረት ማግኔት ስለሚረጭ አቀማመጡ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሌላ ድምፅ እንዳይገባ የአምፕሊፋየሩን የድምፅ መግቢያ ሾርት አደረግኩና ትራንስፎርመሩን በረጅም ሽቦ ከሳጥኑ ውጭ ይዤ፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። አንድ ማዕዘን ላይ ጉርምርምታው ጭልጥ ብሎ ጠፋ፤ እዚያው ምልክት አድርጌ በብሎን አሰርኩት። የድምፅ መግቢያው ሶኬት ከትራንስፎርመሩ እንዲርቅ ሳጥኑን የምችለውን ያህል አስረዘምኩ።

ሙቀቱንም አስቀድሜ አስቤበታለሁ። ፋብሪካዎች የሚጽፉት ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። 300 ቪኤውን ሙሉ በሙሉ የማልጠቀምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሳጥኑን ሆድና ጣሪያ ሰነጣጥቄ አየር አስገባሁበት፤ ከሰዓት ሙሉ ሲጫወት ቆይቶም እጄን ጭኜበት ልቆይ እችላለሁ። ፋን አላስገባሁም፤ ከጸጥታው ጋር አይሄድም።