ካንተን፦ ማይክ ዌብስተርን ፍለጋ

ከኮሎምበስ ተነሥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን የደረስንባት ካንተን፣ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በ1920 በአንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ የተመሠረተባት የኦሃዮ ከተማ ናት፤ የስፖርቱ የዝነኞች አዳራሽም በ1963 እዚያው የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። አብሮኝ የመጣው የእህቴ ልጅ ወደ ታዋቂዎቹ ኳርተርባኮች፣ ማለትም የቡድኑን ጥቃት እየመሩ ኳሷን ወደሚወረውሩት ተጫዋቾች፣ ሲቸኩል፣ እኔ ስቲለርስ የሚባለውን የፒትስበርግ ቡድን ተጫዋች ማይክ ዌብስተርን ፍለጋ ቀረሁ።

የነሐስ ምስሎቹ ከአንገት በላይ ብቻ ናቸው። ዌብስተር እንጀራውን የበላበትም ሕይወቱ የተበላሸበትም ጭንቅላቱ ስለነበር፣ ፊቱን እንዲህ ለብቻው ሳየው ቅር አለኝ። በዊስኮንሲን ተወልዶ በ1974 በሊጉ ዓመታዊ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በአምስተኛው ዙር የተመለመለው ይህ ሰው ሴንተር ነበር። ሴንተር ኳሷ ላይ አጎንብሶ ምልክት ይጠብቃል፤ በእግሮቹ መካከል አሾልኮ ለኳርተርባኩ ባቀበለበት ቅጽበት ፊት ለፊቱ ከተደቀነው ግዙፍ ተከላካይ ጋር ይላተማል። ኳሷን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው እሱ ሆኖ ሳለ፣ የተመልካች ዓይን ግን ከእጁ ስትወጣ አብሯት ይሄዳል። በዚያ ላይ እስከ 1977 ድረስ ተከላካዮች የመስመር ተጫዋቾችን ሄልሜት በመዳፍ መምታት አልተከለከሉም ነበር። ዌብስተር በብርድም ክንዱን ገልጦ እየተጫወተ፣ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ አራት ጊዜ አሸንፎ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በካንሳስ ሲቲ ቡድን አሳልፎ፣ በ17 የውድድር ዘመን 245 ጨዋታዎችን አድርጓል።

በ1997 እዚሁ ካንተን ወደ ዝነኞቹ አዳራሽ ሲገባ፣ የስቲለርስ የቀድሞው ኳርተርባክ ቴሪ ብራድሾው ከኋላው አጎንብሶ ኳስ እንዲያቀብለው አደረገው፤ ሕዝቡም በጣም ተደሰተ። ሰውዬው ግን በዚያን ጊዜ ትዳሩ ፈርሶ፣ ሐሳቡ እየተበታተነበት፣ አንዳንዴም መኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው ሆኖ ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት፣ ፒትስበርግ ውስጥ አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለውን አንጎል በቀጫጭኑ አስቆርጦ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ፤ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን፣ ሲቲኢ የሚባለውን ሕመምም አገኘበት። ጥናቱ በ2005 ታተመ።

ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ የጡረታው ጉዳይ ነው። የተጫዋቾቹ የጡረታ ቦርድ ሙሉ የአካል ጉዳት ካሳውን የወሰነለት ከጨዋታ ከወጣበት ዓመት ሳይሆን ከ1996 ጀምሮ ስለነበር፣ ቤተሰቡ ክርክሩን ቀጠለ፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2006፣ እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለወራሾቹ ፈረደ።