የሞሪያን ቀንድ አውጣዎች መለየት፦ አራተኛ ወር

ሰላም ለሁላችሁ። ፓርቱላ የሚባሉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥናት ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። የምሠራው በዛጎል ፎቶዎችና በጥናት ጽሑፎች ብቻ ነው። ለጊዜው የያዝኩት ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከታሂቲ አጠገብ ያለችውን የሞሪያ ደሴት ነው። ሰባት ዝርያ ብቻ ስለሆነ ቶሎ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ በቀለም ደረደርኳቸው። ቢጫውን ከቢጫ፣ ቡናማውን ከቡናማ፣ ባለመስመሩን ለብቻ። ዝብርቅርቁ ወጣ። ፓርቱላ ቴኒያታ ብቻዋን በሦስት ክምር ተበተነች። አንድ ዝርያ፣ ያውም እዚያው አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ ባለመስመርም መስመር አልባም ሊሆን ይችላል።

ቀለሙን ትቼ ወደ ጥምዙ አቅጣጫ ሄድኩ። የዛጎሉን ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራሳችሁ አድርጉ። አፉ በቀኝ ከሆነ ቀኝ ጥምዝ ነው፣ በግራ ከሆነ ግራ ጥምዝ። አሁን ያዝኩት ስል ፓርቱላ ሱቱራሊስ መጣች። እሷ ሁለቱም አላት!

ነገሩን ሳነብ በጣም ነው የወደድኩት። አቅጣጫውን የሚወስነው የልጁ ሳይሆን የእናቱ ጂን ነው። ስለዚህ ዛጎሉ ላይ የምታዩት የአንድ ትውልድ ወደኋላ ታሪክ ነው። በዚያ ላይ ቀኝ ጥምዝና ግራ ጥምዝ ሲገናኙ መዳራት ይቸግራቸዋል። አቅጣጫው ዝርያን ከዝርያ ለያይቶ የሚያቆይ አጥርም ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። አንዱን ፎቶ ሳስተካክል ሳላውቅ ግራና ቀኙን ገልብጬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግራ ጥምዝ ብዬ መዝግቤው ቆየሁ። አሁን መጀመሪያ የማየው ፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ ወይም ማስመሪያ በትክክል መነበቡን ነው።

የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሄንሪ ክራምፕተን የሞሪያን ፓርቱላዎች ሸለቆ በሸለቆ ለቅሞና ለክቶ ሥራውን በ1932 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በኋላ የዘር ውርስ ተመራማሪዎቹ ጄምስ መሪና ብራያን ክላርክ ዝርያዎቹን አዳቅለው ሞከሩ። አንድ ቦታ ሳይደባለቁ አብረው የሚኖሩ ዝርያዎች ሌላ ቦታ ላይ ይዳቀላሉ። የዝርያ ድንበር እዚያ ገና እየተሠራ ነበር። እኔ ስህተት የመሰለኝ ግማሹ መደባለቅ የተፈጥሮው የራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሰብል የሚያጠፋውን ግዙፉን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ እንድትበላ ተብላ ዩግላንዲና የምትባል አዳኝ ቀንድ አውጣ በ1977 እ.ኤ.አ. ሞሪያ ገባች። የበላችው ግን ፓርቱላዎችን ነው። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከጫካው ጠፉ ተባለ። አንዳንዶቹን ያተረፏቸው ቀድመው ወስደው ያራቧቸው ተመራማሪዎችና የእንስሳት ማቆያዎች ናቸው። ፓርቱላ ቶሂቬያና ወደ ደሴቷ ተመልሳ ጫካ ውስጥ መውለዷ ሲረጋገጥ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. «ከዱር የጠፋች» ከሚለው መዝገብ ወጣች። ዜናውን ሳነብ እንባዬ መጣ።

ሠንጠረዤን እንደገና ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ዓምድ አሁን «ሸለቆ» ነው። ቀለም መጨረሻ ላይ ሄዷል።