ከጥቅምት 28 ቀጥሎ ኅዳር 2

ሰኔ 30 ሲደርስ ነጋዴው ሁሉ ቆጠራ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ መጋዘን ይቆጠራል፣ ወረቀትና እቃ ይተያያል። የእኔም ስልክ ያን ቀን አያርፍም። አዳማ ውስጥ ለጥቂት ሱቆች የእቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቼ ሰጥቻለሁ። «ሪፖርቱ አልወጣም»፣ «ፕሪንተሩ እምቢ አለ»፣ «ፓስወርዱ ጠፋኝ»። ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም።

በ2017 ሰኔ 30 የደወሉልኝ ግን ጋሼ ነበሩ። ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ዝቅ ብሎ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አላቸው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ምስማር ይሸጣሉ። ሁልጊዜ ሲደውሉ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የእናቴን ወገብ ሳይቀር ጠይቀው ነው ወደ ጉዳዩ የሚገቡት። ያን ቀን ሰላምታውን ዘለሉት።

«ልጄ፣ ሲሚንቶ ጎድሏል።»

«ስንት ጋሼ?»

«አርባ ስድስት ኩንታል። ፌሮም አለበት። ናና ኮምፒውተሩ የሚለውን አሳየኝ።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ካሸሯ ወንበሯ ላይ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል። አጠገቧ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አጎቷ ናቸው። ስትቀጠር ዋስ ሆነው የፈረሙላት እሳቸው ነበሩ። ዋስ ከተጠራ ነገሩ ከኮምፒውተር አልፏል ማለት ነው።

ኪቦርዱ በፌስታል ተሸፍኗል። ፌስታሉ ላይ የሲሚንቶ አቧራ ተጋግሯል። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። 312 ኩንታል ሲሚንቶ አለ ይላል። መጋዘን ውስጥ የተቆጠረው 266 ነው። ልዩነቱ ልክ ጋሼ እንዳሉት ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ እስካሁን ያሳፍረኛል። «እህቴ፣ ምናልባት ሳትመዘግቢ የሸጥሽው ይኖር ይሆን?» አልኳት። ሰው ሁሉ ፊት።

«አንድም የለም» አለች። «ሴቭ ስለው ‹ተመዝግቧል› ይለኛል። ‹ተመዝግቧል› ሳይለኝ እቃ አላስወጣም።»

ፍንጩ እዚያው ንግግሯ ውስጥ ነበር። ሰማኋት እንጂ አላዳመጥኳትም።

ከዚያ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ። በመብራት አሳበብኩ። መብራት ሲጠፋ ዳታቤዙ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩና ፈተሽኩት፤ ደህና ነው። አንድ ኪሎ ምስማር ለሙከራ ሸጥኩ፤ ተመዘገበ፣ ከስቶክም ተቀነሰ። ዳታውን በፍላሽ ገልብጬ ቤቴ ወሰድኩና ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። «እኔ ጋ ይሠራል» ብዬ ለጋሼ ደወልኩ። በሙያችን ከዚህ የባሰ ከንቱ ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም። ደንበኛው የገዛው የእኔን ላፕቶፕ አይደለማ! ሁለት ሌሊት እንዲሁ አለፈ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ አንቲቫይረሱን ዘጋሁት። ግምት በግምት ላይ።

በሦስተኛው ቀን ካሸሯ ምንም ሳትናገር አንድ የጫማ ካርቶን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ውስጡ የዜድ ሪፖርት ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ማታ ማታ የሚያወጣውን ወረቀት ከቀኑ የደረሰኝ ቅጂ ጋር እየጠረዘች፣ በወር በወር በላስቲክ አስራ አስቀምጣዋለች። ማሽኑና የእኔ ፕሮግራም አይገናኙም። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ ቀን ነው። የእኔ ፕሮግራም የሚያሳየው በእኛ ነው። ለዚህም ነው ዓመቱን ሙሉ ሁለቱን ማንም ሰው አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያላያቸው።

ተቀመጥን። እሷ ታነባለች፣ እኔ በስልኬ ቀኑን ወደ እኛ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ እፈልጋለሁ። መስከረም ሙሉ ገጠመ። ጥቅምትም ገጠመ፣ ገጠመ፣ ገጠመ።

«08/11/2024» አለች።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ። ስክሪኑ ላይ የለም።

«09/11/2024።»

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ። የለም። ኅዳር 1 እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነበር። ዝርዝሩ ከጥቅምት 28 ተነስቶ ኅዳር 2 ላይ ያርፋል። ያን ዝርዝር ቢያንስ አሥር ጊዜ ወደላይና ወደታች አድርጌዋለሁ። ጎዶሎ ቁጥር እየፈለግኩ ስለነበር ጎዶሎ ቀን አልታየኝም።

የሁለቱን ቀን ደረሰኝ ደመርን። ክረምቱ አልቆ ግንባታ የሚጧጧፍበት ሰሞን ነው፣ ሽያጩ ደህና ነበር። ሲሚንቶው ብቻ አርባ ስድስት ኩንታል ሞላ። ካሸሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ገና አላመንኩም። የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ጥቅምት 29 መለስኩትና አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሸጥኩ። «ተመዝግቧል» አለኝ፣ አረንጓዴ ምልክት ጭምር። ዝርዝሩን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። የገዛ ፕሮግራሜ ዓይኔ እያየ ዋሸኝ።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ። የምሠራው ሲ ሻርፕ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከሥሩ ያለው ዶት ኔት የዕብራውያንን፣ የፋርስን፣ የሂጅራን፣ የታይላንድን ሳይቀር የዘመን አቆጣጠር ያውቃል። የእኛን አያውቅም። ጋሼ ደግሞ ሪፖርቱ በእኛ ቀን ካልሆነ አልፈልግም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር ኮድ ራሴ ጻፍኩ። እሱ ትክክል ነበር። ስህተቱ የመጣው ከቅየራው በኋላ ነው። ያገኘሁትን ዓመት፣ ወርና ቀን መልሼ ዴት ታይም በሚባለው የዶት ኔት ቀን መያዣ ውስጥ ከተትኩት። በቀን ቅደም ተከተል መደርደሩም፣ መፈለጉም ቀላል ይሆንልኛል ብዬ ነው። ጮሌ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ዴት ታይም የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። ጥቅምት ለእሱ ሁለተኛ ወር ነው፣ ሁለተኛ ወር ደግሞ ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም ላይ የለም። 29ም ያለው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ሌሎቹ የፈረንጅ ወሮች ሁሉ 30 ወይም 31 ቀን ስላላቸው የእኛን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያለ ችግር ያስተናግዳሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ፕሮግራም ሁለት ቀን ብቻ ይወድቃል። የሚገርመው፣ ፕሮግራሙን ከአንድ ዓመት ቀድሜ ጭኜው ቢሆን ኖሮ ጥቅምት 29 ያልፍ ነበር። ዴት ታይም 2016ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ስለሚወስደው፣ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረው። አንድ ቀን ብቻ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ማን ያስተውላል?

ጳጉሜንማ ጭራሽ አይታሰብም። አሥራ ሦስተኛ ወር ለዴት ታይም ፍጹም ባዕድ ነው። የጫንኩት መስከረም ላይ ስለነበር ፕሮግራሙ ጳጉሜን ገና አላየም። ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

የቀን ስህተት ማንም ይሠራል። ፕሮግራሙ ግን ቀኑን መቀበል ሲያቅተው ጮሆ ነበር፤ አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ። ያስረከብኩ ዕለት ፕሪንተሩ ጠፍቶ ስለነበር ሴቭ ባልን ቁጥር ቀይ ኤረር ይወጣል። ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል፣ ቡና ቀርቧል፣ ክፍያው ገና በእጄ አልገባም። በላብ ተጠምቄ ሙሉውን የሴቭ ኮድ ትራይ («ሞክር») ውስጥ ከተትኩና ኤረር ሲመጣ የሚደረገው የሚጻፍበትን ካች ባዶ ተውኩት። ኤረሩ ጠፋ። «ተመዝግቧል» የሚለው መልእክት ደግሞ ከካቹ በታች ነበር። ሴቭ ሆነም አልሆነም ይወጣል። ቤት ስሄድ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። መቼ እንደረሳሁት እንኳ አላስታውስም።

ለጋሼ መንገሩ ከኮዱ በላይ ከበደኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ የለችበትም አልኳቸው። ካርቶኑንም ስክሪኑንም አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረው «ይቅር በሉን» አሉ። ሽማግሌው ያን ዕለትም መጥተው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣቸውን አደረጉና ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ እንኳ እኔ አለሁላት። የዚህ ኮምፒውተር ዋስ ማነው?»

ከጋሼ በቀር የሳቀ የለም።

ማስተካከሉ አንድ ቀን አልፈጀም። ዳታቤዙ የሚይዘው የፈረንጁን ቀን ብቻ ሆነ። ወደ እኛ የሚቀየረው ስክሪንና ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው፣ እሱም እንደ ጽሑፍ። ሽያጩን መመዝገብና ከስቶክ መቀነስ በአንድ ትራንዛክሽን ታሰሩ፤ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ፕሪንት ማድረግ ከሴቭ ተለየ። «ተመዝግቧል» የሚለው ዳታቤዙ አዎ ካለ በኋላ ብቻ ነው። ባዶ ካች እየፈለግኩ የድሮ ኮዴን ሁሉ ሳስስ ሌላ ዘጠኝ አገኘሁ። እያንዳንዱን ለምን እንደጻፍኩት አስታውሳለሁ፤ ሁሉም የጥድፊያ ቀን ነበር።

ኤረር ሲመጣ የሚጻፍበት የሎግ ፋይልም ጨመርኩ። እሱም መጀመሪያ ጉድ ሠራኝ። ፋይሉን ፕሮግራሙ የተጫነበት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አደረግኩት። ላፕቶፔን በአድሚን ስለምከፍተው እኔ ጋ ይጽፋል። ሱቁ ውስጥ ግን ካሸሯ የምትገባው በተራ ተጠቃሚ ነው፤ ዊንዶውስ እዚያ እንድትጽፍ አይፈቅድላትም። ተራ ተጠቃሚም መጻፍ ወደሚችልበት አፕ ዳታ ወደሚባለው ፎልደር አዛወርኩት። «እኔ ጋ ይሠራል» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

የጠፋውን የሁለት ቀን ሽያጭ ካሸሯ ራሷ ከደረሰኙ አስገባችው። ስቶኩ 266 ላይ መጣ።

ጳጉሜን 1 ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስልኬን እያየሁ ነበር። ሦስት ተኩል ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ስክሪኑ ላይ «ጳጉሜን 1/2017፣ ሲሚንቶ፣ 4 ኩንታል» ይላል። ከሥሩ ያለው ስቶክም በአራት ቀንሷል። ፎቶው ጥግ ላይ ባለመስመር ደብተር ተከፍቶ ይታያል። ያንኑ ሽያጭ በእስክሪብቶ ጽፋ ከጎኑ ፈርማበታለች።